አብሽሪ

አባቴ ያረፈው ኅዳር 10 ነው። አርባው ታኅሣሥ 19፣ በገብርኤል ቀን ወጣ። ከዚያ በ10 ቀኑ ገና ነው።

እናቴ "የአባትሽን ቦታ አታስቀሪ፣ አንቺ ሂጂለት" አለችኝ። አባቴ ገናን ላሊበላ ሳይውል የቀረባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው። በጉብዝናው ጊዜ በእግሩ፣ ኋላ ላይ በመኪና። እኔ ግን እግሬ አልነሳ አለኝ። ጥቁር ለብሼ እልልታ ባለበት ምን አደርጋለሁ? እውነቱን ለመናገር ትንሽ ተቀይሜም ነበር። በሰው አይደለም።

የመሄጃዬ ዋዜማ ማታ ጎረቤታችን እማማ ቡና ጠሩን። ሙስሊም ናቸው፤ በልቅሶው ሰሞን ከቤታችን ጠፍተው አያውቁም። ጀበናውን እያወረዱ "አብሽሪ ልጄ" አሉኝ። ደሴ ውስጥ ይህ ቃል በቀን ስንቴ ይባላል! ፈተና ለወደቀ አብሽር። ሚኒባስ ላመለጠው አብሽር። ሰው ለሞተበትም አብሽር። ከመብዛቱ የተነሳ ጆሮዬ መስማቱን ትቶት ነበር።

መንገዱን ልለፈው። ወልድያ አደርን፣ በድልብ ወጣን፣ ጋሸና ላይ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ገባ። ላሊበላ ስንደርስ አንዲት እናት ከደጃፏ ጠርታ አስቀመጠችኝና እግሬን አጠበችኝ። የአገሩ ሰው የገና እንግዳውን እንዲህ ነው የሚቀበለው። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ፤ ለምን ጥቁር እንደለበስኩ አልጠየቀችኝም። ውኃው ለብ ያለ ነበር። ያለቀስኩት እዚያ ነው።

ሌሊት ሰባኪው የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2ን ጠቀሰ። መልአኩ እረኞቹን "ታላቅ ደስታ የምሥራች እነግራችኋለሁና አትፍሩ" ይላቸዋል። ስንት ጊዜ የሰማሁት ነው። ያን ሌሊት ግን ጆሮዬ ላይ የእማማ ድምፅ መጣ። አብሽሪ።

ዐረብኛው አብሽር "የምሥራች፣ ደስ ይበልህ" ማለት ነው። ግዕዙ አብሠረ "የምሥራች ነገረ"። ብሥራትም ከዚሁ ነው። ቋንቋዎቹ ወንድማማች ናቸው፣ ሥራቸው አንድ ነው። እንዴት ይህን ሁሉ ዘመን ሳላስተውለው ቀረሁ? አይዞሽ ማለት "ቻይው" ነው። አብሽሪ ግን "አንድ ነገር ሆኗል፣ አልሰማሽም እንዴ?" እንደ ማለት ነው።

እኔ ተስፋን "ነገ ይሻላል" እያልኩ ነበር የምፈታው። ነገ ላይሻል ይችላል፤ ወሎ ይህን አሳምራ ታውቀዋለች። እረኞቹም ያን ሌሊት ኑሯቸው አልተለወጠም። ብርዱ ያው፣ በጎቹ ያው፣ ቄሣሩም ያው። የተነገራቸው ግን "ይወለዳል" አይደለም። "ተወልዶላችኋል" ነው። መድኃኒታቸው መጥቷል። ከዚህ በኋላ ያለው ደስታ እንግዲህ ኑሮ ተመቸ ብሎ የሚመጣ ደስታ አይደለም።

ጠዋት ቤዛ ኩሉ ሆነ። ካህናቱ ግማሹ ከላይ ማሜ ጋራ ላይ፣ ግማሹ ከታች ቤተ ማርያም ግቢ ቆሙ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞቹ ምሳሌ ናቸው። "ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ።" የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ። የላዮቹ ይላሉ፣ የታቾቹ ይቀበላሉ። ከበሮው ቀስ ብሎ ይጀምርና ሳታስቡት ጉልበታችሁን ይዞት ይሄዳል። (ስልኩን ሽቅብ ይዞ የሚቀርጸው ሰው ብዛት! ካህናቱ የማይታዩኝ ጊዜ ነበር። እኔም ቀርጫለሁ፤ አልዋሽም።)

መጀመሪያ አፌ አልከፈት አለ። ግን ዜማው ተመላላሽ ነው። አንዱ ወገን ሲዘምር ሌላው ዝም ብሎ ይሰማል፤ ዝምታውም የዜማው ነው። ስለዚህ ሰማሁ። በስንተኛው ዙር እንደሆነ እንጃ፣ "ተወልደ" የምትለዋን ብቻ ይዤ ገባሁ። አጠገቤ የነበሩ አባት መቋሚያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ። ጥቁሬን እንደለበስኩ አሸበሸብኩ። አባቴ እንዲህ ሲያደርግ ትከሻው ወደ ግራ ይሰግግ ነበር። የእኔም እንደዚያው ሆኖ አገኘሁት።

ደሴ ስገባ እማማ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። የአብሽርንና የብሥራትን ነገር ከነዝርዝሩ ነገርኳቸው፤ ትልቅ ግኝት ይዤ እንደመጣሁ ሁሉ። አዳምጠው አዳምጠው ሳቁብኝ።

"ታዲያ እኔ ስነግርሽ የከረምኩት ምን መስሎሽ ነው?" አሉና ቶናውን ቀዱልኝ።