የፈረስ ጉልበቱን ተዉትና ኪሎውን ንገሩኝ

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ቢኤምደብሊው ኤም5 የተባለው ፈጣን መኪና 600 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 3.4 ሰከንድ ይበቃዋል። በ2024 የመጣው ተተኪው 727 የፈረስ ጉልበት ይዞ 3.5 ሰከንድ ይፈልጋል። ሁለቱንም ቁጥር የሰጠው ኩባንያው ራሱ ነው። የድሮው ከ2,000 ኪሎ በታች ይመዝን ነበር፤ አዲሱ ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ስለተጫነበት ከ2,400 ኪሎ አልፏል። ጉልበቱ ለቶን ሲካፈል የድሮው ከ310 ፈረስ በላይ ይደርሰዋል፣ አዲሱ 300 እንኳ አይሞላም።

ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይህ ብዙም አያስከፋም። የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ከመነሻው ስለሚገፋ ክብደቱን ይሸፍንለታል። ጉዱ የሚወጣው ፍሬን ሲያዝ ነው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ የ2,400 ኪሎ መኪና 3.7 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል ተሸክሟል፤ 1,100 ኪሎ የምትመዝን ቀላል መኪና፣ እንደ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ያለችው፣ በዚያው ፍጥነት 1.7 ነው የምትሸከመው። ለማቆም ያ ሁሉ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ከከባዱ መኪና ኃይል ሲሶው በአንድ የፊት ዲስክ ላይ ቢያርፍ፣ 12 ኪሎ የሚመዝነው ዲስክ በአንዲት ማቆም ብቻ ከ200 ዲግሪ በላይ ይግላል። በውድድር ሜዳ ላይ ደግሞ ሳይበርድ ሌላ ኩርባ ይመጣል።

ስለዚህ ለፈጣን መኪና የመጀመሪያው ወጪ የፍሬን ዘይት ነው ባይ ነኝ። የዘይቱ ደረጃ ዶት በሚል ቁጥር ይጻፋል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ዶት 4 እስከ 230፣ ዶት 5.1 እስከ 260። እነዚህ ዘይቶች ግን ከአየር ላይ እርጥበት ይስባሉ፤ ውሃ ሲገባባቸው ዝቅተኛው ልክ በቅደም ተከተል ወደ 140፣ 155 እና 180 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ስለሚታመቅ የእግር ጉልበት ዲስኩን ወደሚነክሰው የፍሬን ሸራ አይደርስም። በውድድር ሜዳ የሚነዳ መኪና ዘይቱ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይቀየር። ለአብዛኛው መኪና አንድ ሊትር ይበቃል። ተከፍቶ ወራት የቆየ ቆርቆሮ ቢዘጋም እርጥበት ገብቶበታል፣ አትጠቀሙበት። ዶት 5 የሚባለው ስሙ ከ5.1 ጋር ቢቀራረብም ሲሊኮን ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይደባለቅም።

ፍሬን ሲደክም ምክንያቱን ፔዳሉ ራሱ ይናገራል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ወለሉ ከወረደ ዘይቱ ፈልቷል። ፔዳሉ ጠንክሮ እያለ መኪናው አልቆም ካለ ደግሞ ሸራው ከሚችለው ሙቀት አልፏል። ብዙ ሰው ሁለቱን ሳይለይ ትልቅ ዲስክ ይገዛል፤ ትልቅ ዲስክ የፈላ ዘይትን አያድንም።

አዲስ ሸራ ሲገጠም ማለማመድ ግድ ነው። ባዶ መንገድ ላይ በሰዓት ከ100 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠንከር አድርጎ ከ8 እስከ 10 ጊዜ መያዝ፣ ፈጽሞ ሳይቆሙ። ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ አሥር ደቂቃ ያህል እየነዱ ማቀዝቀዝ። በዚህ ጊዜ ከሸራው ቀጭን ሽፋን ወደ ዲስኩ እኩል ይጋባል። ሰው የጋለውን ዲስክ በሸራው ነክሶ ከቆመ ሽፋኑ አንድ ቦታ ላይ ይወፍርና መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያኔ «ዲስኩ ተጣመመ» ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ አልተጣመመም። በዚሁ ምክንያት ከሜዳ ሲወጡ የእጅ ፍሬን አይሳብም፤ ማርሽ አስገብቶ ጎማውን በታኮ መደገፍ ይሻላል።

ስለ ጎማ አጭሩ ይበቃል። በብርዱ 2.2 ባር የተነፋ ጎማ ጥቂት ዙር ሲነዳ 0.3 ወይም 0.4 ባር ይጨምራል፤ ስለዚህ የሚለካው እንደጋለ ነው። የውጩ ጠርዝ ብቻ ከተበላ ጎማው ላዩ ወደ ውስጥ ዘንበል ማለት አለበት፤ ለመንገድ የሚበቃው 1 ዲግሪ በሜዳ ወደ 2 እና 3 ይጠጋል። ትልቅ ቸርኬ ለዓይን እንጂ ለፍጥነት አይገዛም። ሞላው የማይሸከመው ክብደት ይጨምራል፣ የጎማው ጎንም ይሳሳል።

ቺፕ የሚባለው ነገር፣ ማለትም የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም መቀየር፣ ቱርቦ ሞተር ላይ በእርግጥ ይሠራል፣ ያውም በርካሽ። ችግሩ ሻጩ የሚያሳየው ከፍተኛውን የፈረስ ጉልበት ብቻ መሆኑ ነው። ቢየላ (ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው) የሚያጎብጠው በዝቅተኛ ዙር፣ በደቂቃ በ2,000 እና በ3,000 መካከል፣ በድንገት የሚመጣው ቶርክ፣ ማለትም የመጠምዘዝ ኃይል፣ ነው፤ እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ደህና ባለሙያ ታች ያለውን ቶርክ ሆን ብሎ ይቆርጥና ጉልበቱን ወደ ላይ ያዞረዋል። ቁጥር ብቻ ሳይሆን መዝገብ ጠይቁ፦ የሚገባው አየር ስንት ዲግሪ ነው፣ ኮምፒውተሩ በማንኳኳት (ነዳጁ ያለጊዜው ሲፈነዳ) ምክንያት የብልጭታውን ጊዜ ስንት ዲግሪ ወደ ኋላ መልሷል፣ በሙሉ ጭነት ላምዳው (የአየርና የነዳጅ ምጣኔ) ከ0.80 እስከ 0.88 ባለው ውስጥ ነው ወይ? ወደ ኋላ የተመለሰው መጠን በየሲሊንደሩ ከ3 ዲግሪ በላይ እየሆነ ከተደጋገመ ነዳጁ ኦክቴን አንሶታል ወይም የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ሙቀት ጠግቧል። ግፊት ሲጨመር የካንዴላው ክፍተት ከ0.8 ወደ 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጠብባል፤ አለዚያ ብልጭታው በግፊቱ ይጠፋል። ቀጥሎ የሚንሸራተተው ፍሪሲዮኑ ነው፣ በተለይ በከፍተኛ ማርሽ ከታች ሲረገጥ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

አምራቾቹ ይህን ሁሉ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም ከባድ መኪና የሚሠሩት። በአውሮፓ የሚለካው የአንድ ኩባንያ መኪኖች አማካይ የካርቦን ልቀት ነው፤ በፈተናው ላይ ደግሞ ሶኬት የሚሰካ ሃይብሪድ ከመንገዱ የተወሰነውን በባትሪ እንደሚሄድ ተቆጥሮለት በወረቀት ላይ እጅግ ንጹህ ሆኖ ይታያል። መርሴዲስ-ኤኤምጂ በ2022 ለሲ63 ባለ 4.0 ሊትር ቪ8ን አውጥቶ ባለ 2.0 ሊትር አራት ሲሊንደርና 6.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያስገባው በዚህ ስሌት ነው። ጉልበቱ ወደ 680 ፈረስ ወጣ፣ ክብደቱ ከ2,100 ኪሎ አለፈ። በምህንድስናው አይታማም፤ ግን ያን መኪና የሚወድ ሰው ይህን አልጠየቀም።

ኤሌክትሪክን በደፈናው መጥላት ግን ስንፍና ይመስለኛል። ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን ወደ 2,200 ኪሎ ቢመዝንም መሐንዲሶቹ ሙቀቱን አስበውበታል። የፊት ዲስኮቹ 400 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ ሞተሮቹ ራሳቸው እስከ 0.6 ጂ (የመሬት ስበት 0.6 እጥፍ) ድረስ እንደ ፍሬን መኪናውን ይይዛሉ፣ ባትሪውም ከውድድር በፊት ወደሚፈለገው ሙቀት ይዘጋጃል። በሌላው ጫፍ ቶዮታ ጂአር ያሪስ አለ፦ ሦስት ሲሊንደር፣ 1.6 ሊትር፣ ሲወጣ በአውሮፓ 261 የፈረስ ጉልበት፣ ወደ 1,280 ኪሎ። ለቶን 204 ፈረስ ብቻ፤ ለጠመዝማዛ መንገድ ግን ከሁሉም እሱን እመርጣለሁ።

ክብደት ስታነጻጽሩ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንዱ ወረቀት ዲአይኤን በሚባለው የጀርመን መለኪያ፣ ሌላው በአውሮፓ ኅብረት አቆጣጠር ይጽፋል፤ የኋለኛው 75 ኪሎ ሹፌርና ዕቃ ስለሚጨምር ያው መኪና በሁለት ቁጥር ይታያል። የቱ እንደሆነ ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቁ።