ጣጣ የለውም ተባብለን ነበር

ድሬ ላይ ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው የከዚራን ሰፈር ከላይ እስከ ታች ቢመላለሱ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። በርጫ ላይ የጓደኛን ጭን ተንተርሶ መጫወት፣ ሙቀቱ ሲብስ በረንዳ ላይ አንድ ፍራሽ ተጋርቶ ማደር ያለ ነው። ስለዚህ ለእኛ ለዜጎች፣ ማለትም ወንድ ለምንወድ ወንዶች፣ ከባዱ መነካካቱ አይደለም። ከባዱ ማውራቱ ነው።

ስለ አንድ ሰው ልጽፍ ነው። ስሙን አልጠራም። ወደ ጅቡቲ እየተመላለሰ የሚሠራ የድሬ ልጅ ነው፣ ይኼ ይበቃል። ስንጀምር ጣጣ የለውም ተባብለን ነበር። ከተማ ሲገባ ይደውላል፣ ከተመቸኝ ይመጣል፣ የንጋቱ አዛን ሳይባል ይወጣል። ስለ ቤተሰብ አይወራም። የት ጠፋህ አይባልም። እኔም ደስ ብሎኝ ተስማማሁ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 መሠረት የእኛ ነገር ያሳስራል። ከዚያ በፊት ደግሞ ቤተሰብ አለ፣ አከራይ አለ፣ ሰፈር አለ። ስለ ሌላው ብዙ አለማወቅ ጥንቃቄ ነው። የማታውቀውን ነገር ማንም ከአፍህ ሊያወጣው አይችልም።

ከዚያ የ2011 ነሐሴ መጣ። የድሬ ሰው አይረሳውም፤ ትንኝ የምታስተላልፈው የቺኩንጉንያ ትኩሳት ጊዜ ነው። ከየቤቱ ሰው ወገቡን ይዞ፣ ጎብጦ እየወጣ ሐኪም ቤት የሚሰለፍበት ክረምት ነበር። ትኩሳቱ በጥቂት ቀን ይለቃል። መገጣጠሚያ ላይ የሚቀረው ሕመም ግን አይጣል ነው። ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ። ብርጭቆ የማነሳው በሁለት መዳፌ ነበር።

ደወለ። ታምሜአለሁ፣ አትምጣ አልኩት። በስምምነታችን መሠረት እዚያው ማለቅ ነበረበት። እሱ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ፓፓያ በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። ለአከራዬ የአክስቱ ልጅ ነኝ አላቸው። እሳቸውም መርቀው አስገቡት። መጀመሪያ ያየው እኔን ሳይሆን የውሃ በርሜሎቹን ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል የሌለው ግቢ የለም፤ ያቺ ቀን ቀን የምትናከሰዋ ትንኝ ደግሞ የምትፈለፈለው እዚያ ነው። የሁሉንም አፍ በጨርቅ ሸፍኖ በገመድ አሰራቸው። ከዚያ ገባ።

ላብ በላብ ነበርኩ። ፊቴን አጠበኝ፣ ሸሚዝ ቀየረልኝ። ከታችኛው ቁልፍ ጀምሮ አንድ በአንድ እየቆለፈ ወደ ላይ መጣ። የመጨረሻው ቁልፍ ክሩ ላልቶ ነበር፤ እንዳይበጠስ በጥፍሩ ይዞ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ነው ያስገባው። ሸሚዜን ብዙ ጊዜ ፈትቶልኝ ያውቃል። ሲቆልፍልኝ ግን አፈርኩ። ራቁቴን ሆኜ ፊቱ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። እንባዬ መጣ።

«ሕመሙ ነው?» አለኝ።

«አይደለም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አዎ ብዬ እገላገል ነበር። ዝም ብሎ ቆየና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ያላሰብኩትን ወሬ ጀመረ። በ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ታላቅ ወንድሙን አጥቷል። እሱ ያኔ ልጅ ነበር። ውሃው ከላይ፣ ከደጋው፣ በሌሊት ነው የወረደው። እሱ ራሱ እንዴት እንደተረፈ በደንብ አያስታውስም። የሚያስታውሰው ድምፁን ነው። እስከ ዛሬ ወደ ሐረር በኩል ሰማዩ ከጠቆረ እንቅልፍ የለውም። ክረምት ላይ እኔ ዘንድ ሲያድር ሌሊት ተነስቶ በረንዳ ላይ የሚቆመውን እኔ ሲጋራ ሊያጨስ ይመስለኝ ነበር። ጀርባው ላይ ያለውን ጠባሳ ሁሉ አውቃለሁ። ለምን እንደሚነሳ ግን ጠይቄው አላውቅም፤ መጠየቅ ስምምነታችን ውስጥ አልነበረማ!

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ከፖሊስ እንደበቃለን፣ ከወንድም ከእህት እንደበቃለን። ሳናውቀው መደበቁ ይለምድብንና፣ ምንም መደበቅ ከማያስፈልገን ከዚያ ከአንዱ ሰውም እንደበቃለን። ጣጣ የሌለው ግንኙነት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። አብሮ ቤት ይዞ መኖር ለማይቻለው ሰው ያለው እሱ ነው፤ በወር አንዴም ቢሆን ነፍስ ይዘራል። ግን በወር አንዴ የሚመጣ ሰውም ምን ሆነህ ነው ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል። መልሱን መስማት ደግሞ ፍርሃት አለው። አንዴ ከሰማህ በኋላ እንደ ድሮው ስልክ ዘግቶ መጥፋት አይቻልም።

ዛሬም ስም ያወጣንለት ነገር የለም። አንዳንዴ ለሳምንታት አይደውልም። ናፍቀኸኛል ስለው «አቦ ተው!» ይለኛል፣ ግን ስልኩን አይዘጋም። ክረምት ሲሆን ማታ ማታ እኔ እደውላለሁ፤ እንቅልፍ እስኪወስደው ስለ መንገዱ፣ ስለ ጅቡቲ ሙቀት እናወራለን።

ባለፈው ቤተሰቦቹ አግባ እያሉ እንደያዙት ነገረኝ። ልጅቷም ተመርጣለች። ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። እኔም የምመክረው የለኝም፤ ሆዴ ግን ተላውሷል። ይኼንንም ነገርኩት። ቅዳሜ ሲገባ ቁጭ ብለን ልናወራበት ነው።