የአባቱን ስም የለወጠው ሰውዬ መንደር

የፊልም ተዋናዩን ሪቻርድ በርተንን ያወቅኩት በአባቴ ነው። ልጆች ሆነን ቅዳሜ ማታ በቴሌቪዥን ፊልሙ ሲመጣ፣ አባቴ እንግሊዝኛው ባይገባውም ያንን ድምፅ ሲሰማ "እስቲ ዝም በሉ፣ ሰውዬው ይናገርበት" ይለን ነበር። አሁን ለንደን ስኖር 11 ዓመቴ ነው። ባለፈው ጥቅምት ሁለት ቀን ዕረፍት ሳገኝ ተነስቼ ወደ ተወለደበት አገር፣ ዌልስ ሄድኩ።

ከለንደኑ ፓዲንግተን ጣቢያ እስከ ዌልሷ ፖርት ታልቦት ከተማ በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ስለ መንገዱ አትጠይቁኝ፣ ተኝቻለሁ። ስነቃ በመስኮቱ የብረት ፋብሪካው ተገትሯል። የመጨረሻው ማቅለጫ ምድጃ በ2024 ጠፍቷል (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ያን የሚያክል ፋብሪካ ያለ ጭስ ሲታይ፣ ድግሱ አልቆ እንግዳው የሄደበት ድንኳን ይመስላል።

ከጣቢያው ለታክሲው ሾፌር የበርተንን የትውልድ መንደር ስም፣ "ፖንትሪደቨን" አልኩት። ሦስቴ አስደገመኝና ሳቀ፣ ከዚያ 28 ፓውንድ አስከፈለኝ። ስመለስ በአውቶቡስ ሁለት ፓውንድ ከምናምን! የአዲስ አበባ ኮንትራት ታክሲ እንኳ እንዲህ ሲያደርግ ትንሽ ፊቱን ያዞራል።

መንደሯ ግን ካሰችኝ። በአፋን ወንዝ ላይ የቆመ ትልቅ የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ሰውዬው የተወለደበት ቤት ከሥሩ ነው። ሰው ስለሚኖርበት ከሩቅ አይቼ አለፍኩ። ኖቬምበር 10 ቀን 1925 ሲወለድ ስሙ ሪቻርድ ጄንኪንስ ነበር። ከ13 ልጆች 12ኛው ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው እናቱ ሞተች። አባቱ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነው፣ መጠጥና ቁማርም ይወዳል፤ ስለዚህ ትልቅ እህቱ ሴሲሊያ ወስዳ ፖርት ታልቦት አሳደገችው። ይሄ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ እህት እናት ስትሆን ስንት ቤት አይተናል።

እኔን የከነከነኝ የስሙ ጉዳይ ነው። ፊሊፕ በርተን የሚባል አስተማሪው ችሎታውን አይቶ እቤቱ አስገባው። ጉዲፈቻ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር፤ ሕጉ ግን አሳዳጊው ከልጁ ቢያንስ 21 ዓመት ይብለጥ ይላል፣ አስተማሪው ደግሞ 20 ቀን ጎደለው። ሃያ ቀን! እና በ1943 ሕጋዊ ሞግዚቱ ሆነ፤ ልጁም ጄንኪንስን ትቶ በርተን ተባለ። እኛ አገር የአባትህን ስም ትተህ የአስተማሪህን ብትይዝ ዕድሩ ሳይቀር ይነጋገርበታል።

ድልድዩ ጋ ቆሜ ፎቶ ሳነሳ ውሻ የያዙ አንዲት አሮጊት "ለሪቻርድ ነው የመጣኸው?" አሉኝ። እንደ ጎረቤት ልጅ ነው የሚጠሩት። ውሻውን በዌልስኛ ይቆጡታል፣ እኔን በእንግሊዝኛ ያናግሩኛል። እሱም አፉን የፈታው በዌልስኛ ነው፤ ያ ሁሉ የሼክስፒር እንግሊዝኛ ኋላ የመጣ ነው። ወደ ተራራው እያሳዩ፣ አስተማሪው እንዲህ ያለ ቦታ ያወጣውና እየራቀ እየራቀ ሄዶ "ሳትጮህ አሰማኝ" ይለው እንደነበር ነገሩኝ። ቤታቸው አስገብተው ወተት የበዛበት ሻይና ምጣድ ላይ የተጋገረች ዘቢብ ያላት ትንሽ ኬክ ሰጡኝ። አራት በላሁ። ለንደን የጎረቤቴን ስም አላውቅም።

የቀረውን ታሪኩን ታውቁታላችሁ። በለንደኑ ኦልድ ቪክ ቲያትር መድረክ ነገሠ፣ ክሊዮፓትራ የተባለው ፊልም ላይ ከተዋናይቷ ኤልዛቤት ቴይለር ጋር ተገናኝቶ ሁለቴ አገባት፣ በ1964 ብሮድዌይ ላይ ሃምሌትን ሠራ፣ ሰባት ጊዜ ለኦስካር ታጭቶ አንዱንም ሳይወስድ በ1984 በ58 ዓመቱ ሞተ። የተቀበረው ስዊዘርላንድ ነው፤ ለአገሩ ሲባል ቀይ ልብስ አልብሰውታል። የስዊዘርላንዱን መቃብር ለማየት ግን ደሞዜ አይፈቅድም።

ልወጣ ስል አሮጊቷ ስሜን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ሁለተኛው የአባቴ እንደሆነ፣ እዚህ አገር ግን ባንክም ሐኪም ቤትም "ሚስተር ተሰማ" ብለው እሱን እንደሚጠሩት፣ እኔም በእሱ ፈንታ "አቤት" እንደምል። በጣም ሳቁ።

ማታ ያደርኩበት እንግዳ ማረፊያ ማሞቂያው አይሠራም። 65 ፓውንድ ከፍዬ፣ ጃኬቴን ለብሼ፣ ፍራሹ መሃል ላይ በጎደጎደው ጉድጓድ ውስጥ እንደ ሕፃን ተጠቅልዬ አደርኩ። ጠዋት አማረርኩና 10 ፓውንድ መለሱልኝ፣ ከይቅርታ ወረቀት ጋር። ወረቀቱ "ሚስተር ተሰማ፣ ሌሊቱ ስላልተመቸዎት እናዝናለን" ይላል። ፎቶ አንስቼ ለአባቴ ላክሁለት። "እኔ እቴ፣ ደህና ነው ያደርኩት" አለኝ።