ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሯጭ ውሉ ይራዘምለት?

ቀን ቀን የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ደግሞ የአሜሪካን ፉትቦል ክለቦችን ሂሳብ እመረምራለሁ። ደመወዝ የሚከፍለኝ ባይኖርም ይኼኛውን ነው የምወደው። ጎንደር ፒያሳ ላይ አብረን ቡና የምንጠጣ ልጆች "ይሄ ኳስ ነው ወይስ ትግል?" እያሉ ያሾፉብኛል። በሽታውን ያጋባብኝ የአክስቴ ልጅ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል፤ ባልቲሞር ሬቨንስ ለሚባለው ክለብ ያበደ ነው።

ጭቅጭቃችን ስለ ዴሪክ ሄንሪ ነው። ሄንሪ ራኒንግ ባክ ነው። ኳሷን ይቀበልና ከፊቱ የተደረደሩትን ግዙፍ ሰዎች ሰንጥቆ ይሮጣል። ራሱም 112 ኪሎ ነው። "ንጉሥ ሄንሪ" ይሉታል። (እኛ ጎንደሬዎች ግንብ ያላሠራ ንጉሥ ስለማናውቅ ይሄ ስም ትንሽ ያስቀኛል።)

ሬቨንስ በ2025 ግንቦት ላይ ውሉን በሁለት ዓመት፣ ለ2026 እና ለ2027፣ አራዘመለት። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ገንዘቡ 30 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 25 ሚሊዮኑ ዋስትና አለው፤ ቢያሰናብቱትም ይከፈለዋል። ያኔ 31 ዓመቱ ነበር። በዚህ ሙያ ሠላሳ የሞላው ሰው ጡረተኛ ነው ይባላል። ታዲያ ያበዱ ናቸው?

አይደሉም። ከዚያ በፊት በነበረው የ2024 ውድድር 1,921 ያርድ ሮጧል። በሜትር ሲመነዘር ከ1,750 በላይ ነው። ከፒያሳ ተነስቶ የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሊደርስ ትንሽ የቀረው ማለት ነው፤ በየእርምጃው የሚጎትተው ሰው እያለ። 16 ጊዜም ኳሷን ይዞ የጎል መስመሩን አልፏል። ደግሞ 15 ሚሊዮን በዓመት ብዙ ይመስላል እንጂ የ2025 የክለብ ደመወዝ ጣሪያ፣ ማለትም አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ ሁሉ እንዲያወጣ የተፈቀደለት፣ 279.2 ሚሊዮን ነበር። አምስት በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። የዚያው ክለብ ኳስ አቀባይ ላማር ጃክሰን በ2023 የፈረመው ውል በዓመት በአማካይ 52 ሚሊዮን ያስገኝለታል።

ሰው ሁሉ ዕድሜ ዕድሜ ይላል። እስቲ ገንዘብ ያቃጠሉትን የሯጮች ውሎች እንያቸው። ቶድ ጉርሊ በ2018 አራት ዓመት ሲያራዝምና 45 ሚሊዮን ዋስትና ሲያገኝ ገና 24 እንኳን አልሞላውም ነበር። ጉልበቱ ታመመ። በ2020 መጋቢት ላይ ተሰናበተ። ኢዝኪኤል ኤሊየት በ24 ዓመቱ የስድስት ዓመት፣ የ90 ሚሊዮን ውል ፈረመ። በ2023 እሱም ተሸኘ። ሾን አሌክሳንደር የ2005ን የኮከብነት ሽልማት ወስዶ በማግስቱ ስምንት ዓመት ተፈረመለት። በሁለት ዓመቱ በቃህ ተባለ። ሦስቱም ሠላሳ ሳይሞላቸው ነው የፈረሙት። የሚያመሳስላቸው የውሉ ርዝመት ነው።

የሯጭ ሰውነት የሚለካው በልደት ሻማ አይደለም። ስንት ጊዜ ተመታ ነው ጥያቄው። ሄንሪ የመጀመሪያ ክለቡ ቴነሲ ሲገባ መጀመሪያ ላይ የሌላ ሰው ረዳት ነበር። በ2016 የሮጠው 110 ጊዜ ብቻ ነው። በ2020 ግን 378 ጊዜ አስሮጡት፤ 2,027 ያርድም አመጣ። በቀጣዩ ዓመት እግሩ ተሰበረ። ሰውየው ያኔ 27 ነበር እንጂ አላረጀም። (በነገራችን ላይ እኛ አገር ቢሆን መጀመሪያ የምንጣላው ትክክለኛው ዕድሜ የትኛው ነው ብለን ነበር፤ የፓስፖርቱ ወይስ እናቱ የምታውቀው?)

የአክስቴ ልጅ ክርክር ሌላ ነው። "ውለታ አለበት፣ ሦስት አራት ዓመት ይሰጠው" ይላል። ስሜቱ ይገባኛል። የእነዚህ ልጆች ነገር በእርግጥ ያንገበግባል። ከዩኒቨርሲቲ ሲመረጡ አራት ዓመት ያስፈርሟቸዋል። ዋጋው በምርጫው ተራ የተወሰነ ስለሆነ ብዙም አይደራደሩም። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ውሉን መቀየር ክልክል ነው። ስለዚህ እግራቸው ትኩስ በሆነበት ጊዜ በርካሽ ይሠራሉ። ውሉ ሲያልቅ 25 ወይም 26 ይሆናቸዋል። ያኔም ክለቡ ከፈለገ "ፍራንቻይዝ ታግ" ለጥፎ አንድ ዓመት ያቆያቸዋል። ሌቪዮን ቤል የሚባለው ሯጭ በ2018 ይኼው ታግ ሲለጠፍበት አልፈርምም ብሎ ዓመቱን ሙሉ ቤቱ ተቀመጠ፤ 14.5 ሚሊዮን ዶላር ትቶ። ብዙ ሰው ሞኝ አለው። እኔ አልፈርድበትም።

ግን ያንን በደል ረጅም ውል አይክሰውም። ሂሳቡ እንዲህ ነው። የፊርማው ገንዘብ ዛሬ በእጁ ይገባል፤ በጣሪያው ላይ ግን በውሉ ዓመታት ተከፋፍሎ ይመዘገባል። ሰውየውን ቀድመህ ብታሰናብተው ያልተመዘገበው ቀሪ ይወርድብሃል። የሄደ ሰው በጣሪያው ውስጥ የሌላውን ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ካዘንክለት ዓመት አትጨምርለት፤ የዓመቱን ብር ጨምርለት። ሴኩዋን ባርክሌይ በ2024 ከ2,000 ያርድ በላይ ሮጦ ፊላደልፊያን ዋንጫ ሲያስበላ ክለቡ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሁለት ዓመት ብቻ፣ በዓመት ከ20 ሚሊዮን በላይ።

ሄንሪ ከተፈረመለት በኋላ የመጀመሪያው ጨዋታ ከቡፋሎ ጋር ነበር። እኛ ጋ ከሌሊቱ 9፡20 ላይ ጀመረ፤ የጳጉሜን 3 ሩፋኤል ሌሊት። ብርድ ልብስ ተከናንቤ በስልክ አየሁት። 169 ያርድ ሮጠ። መጨረሻው አካባቢ ባልቲሞር 40 ለ32 እየመራ ኳሷን ከእጁ አስጣሉት። ቡፋሎ 41 ለ40 አሸነፈ። የሰፈሩ ልጆች ለሩፋኤል ጠበል በዝናብ ሲራጩ የአክስቴ ልጅ ደውሎ "አረጀ፣ አለቀለት" ይለኛል። ያው ሦስት አራት ዓመት ይሰጠው ያለው ሰውዬ! ኳስ መጣል እርጅና አይደለም። እርጅና የሚታየው ክፍተቱ ሲከፈት ሁለተኛዋ እርምጃ ስትዘገይ ነው። በዚያ ሌሊት አልዘገየችም።

የምትዘገይበትን ቀን ግን ማንም አያውቃትም። ኤድሪያን ፒተርሰን በ2015፣ በሠላሳ ዓመቱ፣ ሊጉን በ1,485 ያርድ መራ። በቀጣዩ ዓመት ጉልበቱ ተጎድቶ 72 ያርድ ብቻ ሮጠ። ፍራንክ ጎር ደግሞ ገና ዩኒቨርሲቲ ሳለ ሁለቱም ጉልበቶቹ ተቀደው 16 የውድድር ዘመን ተጫውቷል። ሄንሪ ፒተርሰንን ይሁን ጎርን ከአሁኑ የሚነግረኝ ካለ ይምጣ።

ስለዚህ እስክሪብቶው እኔ እጅ ቢሆን 2026ን ሙሉ ዋስትና ሰጥቼ እፈርማለሁ። 2027ን እጽፋለሁ፣ ግን አንድም ዶላር ዋስትና አላስርበትም። ያ ውድድር ሲያልቅ 34 ይሞላዋል። 25 ሚሊዮኑ በዛብኝ የምለው ለዚህ ነው። አንተ አታስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ መጋቢት ላይ አዲሱ የሊግ ዓመት ሲገባ እግርህን አይተን እንነጋገር ነው። ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግረው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።