የአዳማ በር የት ነው? ከባቡር ጣቢያው እስከ ፍጥነት መንገዱ

አዳማ የሚሄድ ሰው ወይ ስብሰባ አለበት፣ ወይ ሶደሬ ሊዋኝ ነው፣ ወይ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ ሲያልፍ ምሳ ሊበላባት ነው። ከተማዋን ራሷን ብሎ የሚመጣ ጥቂት ነው። እኛ የሄድነው መጓጓዣዋን ልናይ ነበር። እዚያው የሚኖሩ ወዳጆቻችን አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ለምነው፣ አዳማ ውስጥ ሰውና ዕቃ በምን በምን ሲመላለስ እንደኖረ እየዞርን እንድናይ አዘጋጁልን። ከፊሉን በእግር፣ ከፊሉን በባጃጅ፣ ትንሿን ደግሞ በጋሪ።

አስጎብኚያችንን ጋሼ ብቻ እያልኩ ልቀጥል፤ ስማቸው ጽሑፍ ላይ እንዲወጣ አይፈልጉም። በዚያ የአዳማ ሙቀት ኮት ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ጠበቁን። ከመካከላችን አንዱ «ከዋናው መንገድ ብንጀምርስ? ጥላ አለው» ቢላቸው፣ «ከባቡር ጣቢያው ካልተጀመረ እኔ የለሁበትም። ባቡሩ መቼ ወደ ከተማው መጣ? ከተማው ነው ወደ ባቡሩ የመጣው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። አፄ ምኒልክ የሐዲዱን ፈቃድ ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ድሬዳዋ ገባ። እዚያ ላይ ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፣ የቅኝ ገዢዎቹ ሽኩቻም ተጨመረበትና ሐዲዱ ለዓመታት ከድሬዳዋ ሳያልፍ ቆየ። ሥራው እንደገና ተጀምሮ፣ አዋሽን ተሻግሮ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የአዳማ ጣቢያ የተተከለው በዚህ በሁለተኛው ዙር ነው። ጣቢያው አጠገብ ገበያ ቆመ፤ በገበያው ዙሪያ ሰፈር ተሠራ፤ ከዚያ ወዲያ ከተማ ለመባል ብዙም አልቀራትም።

ዛሬ ጣቢያው ባቡር አይጠብቅም። የአዲስ አበባና የድሬዳዋው መስመር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ ካቆመ ወዲህ ሐዲዱ አንዳንድ ቦታ አፈር ውስጥ ሰምጧል፣ አንዳንድ ቦታ ጭራሹኑ የለም። ጋሼ ግን የት እንዳለ ያውቃሉ። ሣሩን በጫማቸው ገፋ ገፋ አደረጉና የዛገ ብረት ብቅ አለ። ከዘራቸውን በሁለቱ ብረቶች መሀል አጋደሙት፤ ከወዲያኛው ሊደርስ ትንሽ ቀረው።

«አንድ ሜትር ነው ስፋቱ። በዚህች ላይ ነው አገር ሙሉ ዕቃ የገባው።»

ቀጥለው ብረቱን የተሸከመውን አግዳሚ በከዘራው ጫፍ መቱት። ኳ አለ። «እሱም ብረት ነው። እንጨት ቢሆን ኖሮ ምስጥ አንድ ክረምት አያሳድረውም ነበር።» ጎንበስ ብዬ ሳየው እውነትም የታጠፈ ብረት ነው፣ ጠርዙ ላይ ዝገቱ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ይነሣል። ስለ ምድር ባቡር ካነበብኩት ሁሉ ይህ አግዳሚ ይበልጥ ገባኝ።

ከዚያ ወሬው ተከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ በሦስተኛው ቀን ይገባ እንደነበር ነገሩን። ጣሊያኖች ያመጧት፣ በራሷ ሞተር የምትሄደው ሊቶሪና ስትመጣ ነገሩ እንዴት እንደፈጠነ ከአባታቸው የሰሙትን አወጉን። የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር እሳቸውም ዛሬ ድረስ ቁጥር ሲቆጥሩ ይቀላቅላሉ። ባቡሩ ሲቆም ፓፓያና ሙዝ በሳፋ የተሸከሙ ሴቶች መስኮቱን ይወሩታል፤ ሂሳብ ሳይመለስ ባቡሩ ይነሣል፤ ሻጭ ትሮጣለች፣ ገዢ ይጮኻል። የኮንትሮባንዱን ነገር ስጠይቃቸው ግን ሳቅ ብለው ወደ ሌላ ወሬ ተሻገሩ። ከድሬዳዋ የመጣ ሻንጣና ጨርቅ ፉርጎው ውስጥ የት የት ይደበቅ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ሳቅ ነው፤ ባይናገሩም ገባን።

እኛ በቆምንበት በኩል ይህ ምን እንደነበረ የሚናገር አንድ ሰሌዳ አላየሁም። ሰሌዳ ስንት ብር ነው? የዛሬ ተማሪዎች በዚያ በኩል ሲያልፉ አሮጌ ቤት ነው የሚያዩት። ለአዳራሽና ለሆቴል የሚጨነቅ ከተማ ለዚህም ትንሽ ቢጨነቅ ምን ነበረበት።

ከጣቢያው ወጥተን ጋሪ ፈለግን። ድሮ ናዝሬት ያደገ ሰው ከባቡር ወርዶ ቤቱ የሚገባው በጋሪ ነበር፤ ሁለት ተሳፋሪ ከኋላ፣ ባለጋሪው ከፊት፣ የፈረሱ ኮቴ ቋ ቋ። አሁን ሰው የሚጭን ጋሪ ለማግኘት ወደ ዳር ዳር መውጣት ግድ ነው። ብሎኬት አራግፎ የቆመ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ጋሼ «ኦቦ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመሩ፤ የጤናው፣ የልጆቹ፣ የከብቱ፣ የዝናቡ ጥየቃ ካለቀ በኋላ ነው ወደ ጉዳያችን የገባነው። ሽማግሌው ተሳፋሪ መጫን ትተዋል፣ ግን ለጋሼ ሲሉ እሺ አሉ።

ከሁሉ ዓይኔ ያረፈው በፈረሷ ልባብ ላይ ነው። ወደ ጎን እንዳታይ ዓይኗን ግራና ቀኝ የሚከልሉት ሁለት ቁራጮች ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጡ ናቸው፤ አንዱ ላይ ጎሚስታ የለጠፈው ፓች እንዳለ አለ። ጎማው የመኪና፣ ሞላው የመኪና፣ ዓይን መከለያው የመኪና። መኪና ጋሪን ከመንገድ አስወጣ እንላለን እንጂ ጋሪው መኪናውን ቆራርጦ ለብሶታል።

«ድሮ ሰው እጭን ነበር፣ አሁን ብሎኬት ነው» አሉ ባለጋሪው። «ብሎኬት ይሻላል፣ ታሪፍ አይከራከርም።» የነዳጅ ነገር ሲነሣ ደግሞ ፈረሷን መታ መታ አድርገው «የኔዋ ወረፋ አትይዝም» አሉን። እውነት ለመናገር ምቾት የለውም፤ ጉድጓድ በገባን ቁጥር ወገቤ ነው የሚቀበለው። በባጃጅ ተሸነፈ ቢባል አይደንቀኝም።

በጋሪውና በባጃጁ መካከል ያለውን ዘመን የነገረን ሌላ ሰፈር ነው፤ ጋራዥ፣ ጎሚስታ፣ ጎን ለጎን የተደረደረ ምግብ ቤትና አልጋ ቤት። ባቡሩ እየደከመ ሲሄድ የአዳማ በር ከጣቢያው ወደ መናኸሪያውና ወደ ከባድ መኪናው ማደሪያ ዞረ። እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ የአሰብ ጭነት በዚህ ያልፍ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የጅቡቲው። ኤንትሬ የምንላት ያቺ ጠንካራ የፊያት መኪና ስንት ሌሊት እዚህ እንዳደረች የሚቆጥራት የለም። ጋሼ ይህን ሰፈር አይወዱትም። «የሾፌር ገንዘብ ማታ ይመጣል፣ ጠዋት የለም» ብለው በፍጥነት አለፉት። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ዛሬ የምናያት አዳማ ከባቡሩ ይልቅ ሾፌሮቹ የበሉባትና ያደሩባት ከተማ ናት። ሆቴሉንና ሥጋ ቤቱን ሾፌር ካላስለመዳት ማን አስለመዳት? ግን አስጎብኚ ከተከራከሩት ጉብኝቱ ያጥራል፤ ዝም አልኩ።

ባጃጁን አሳጥሬ ልለፈው፣ ለማያውቀው አንባቢ አልጽፍምና። አንድ ነገር ብቻ፦ ባቡሩ፣ ጋሪውና አውቶቡሱ ሰውን ዋናው መንገድ ላይ አውርደው ይተዉታል፤ ባጃጅ ነው ኮረኮንቹ ውስጥ ገብቶ ደጃፍ ላይ «ወራጅ አለ!» ያስባለው። ከተማዋ ወደ ተራራዎቹ ግርጌ የሰፋችው በእሱ ጎማ ነው። ሾፌራችን ወጣት ነው፤ ጋሼን «ፋዘር፣ ጠጋ በሉልኝ» እያለ ሦስታችንን ከኋላ አጨቀን። ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ ባጃጅ መግዛት እያሰበ ነው። «ድምፅ የለውም ይላሉ» አለን። «ድምፅ ከሌለው ሰው እንዴት መጣሁ ብሎ ይወጣል?»

በኮንትራት ይዞን ወደ አዲሱ ባቡር ጣቢያ ወሰደን። የአዲስ አበባ–ጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ መደበኛ ሥራውን በ2010 ጀምሯል። ከሰበታ እስከ አዳማ መንታ ሐዲድ ነው፤ ከአዳማ በኋላ ነጠላ ይሆናል። ጣቢያው ትልቅ ነው፣ ያምራልም፤ ግን ከተማው ውስጥ አይደለም። ጋሼ ከባጃጁ ሳይወርዱ ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። የሐዲዱን ስፋት ነገርኳቸው፦ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል።

«ከዘራዬ አይበቃውም» አሉ። ቀጥለው ደግሞ ሾፌሩን «ከዚህ ገበያ ድረስ ሰው በምን ይመጣል?» አሉት።

«በኔ ነዋ፣ ፋዘር!»

«አየህ፣» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ «ድሮ ከባቡር የወረደ ሰው ገበያው ላይ ነው የሚወርደው። አሁን ባጃጅ ካልጠራ አዳማን አያገኛትም።» ቂም የለበትም አነጋገራቸው። ባቡሩ ተመልሶ በመምጣቱ ከልባቸው ደስ ብሏቸዋል፤ ከኤሌክትሪኩ ሽቦ ሥር ጭነት ይዞ ሲያልፍ ቆጥረው የጨረሷቸውን ፉርጎዎች ቁጥር ነግረውናል፣ በፈረንሳይኛ።

የፍጥነት መንገዱን ከሩቅ ነው ያየነው፤ ባጃጅም ጋሪም አይገባበትም። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው ይህ መንገድ በአገራችን የመጀመሪያው የክፍያ መንገድ ነው፤ 85 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወዲያና ወዲህ ሦስት ሦስት መስመር፣ እስከ 120 የሚነዳበት። በአሮጌው መንገድ ከከባድ መኪና ኋላ እየተጎተተ ሞጆና ቢሾፍቱ ላይ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ይህን መንገድ ይመርቃል፤ እኔም እመርቃለሁ። የመኪና አደጋ ወሬ የሰለቸን ሰዎች ነን። ዋጋው ግን አለ። አሁን የአዳማ በር ክፍያ ጣቢያው ነው፤ እዚያ በር ላይ ደግሞ ፓፓያ የሚሸጥ የለም።

ጋሼን ቤታቸው አድርሰን፣ ቡና ካልጠጣችሁ ብለው ከያዙን በኋላ፣ ለመመለሻችን አባዱላ ያዝን። መኪናው ሞልቶ ሊነሣ ሲል ከመሀል ወንበር አንዲት እናት «ልጄ፣ እኔ ከሞጆ አለፍ ብሎ ወራጅ ነኝ» አሉ።

«እማማ፣ በፍጥነት መንገድ ነው የምንሄደው» አለ ሾፌሩ።

«ይሁን፣ ዳር ላይ ጣል አድርገኝ።»

«ዳር የለውም እኮ እማማ! አጥር ነው፣ ካሜራ ነው። እዚያ ላይ ማን ያወርዳል?»

ተሳፋሪው ለሁለት ተከፈለ። ከፊሉ በአሮጌው እንሂድላቸው አለ፣ ከፊሉ በር ይዘጋ አለ፣ አንዱ ደግሞ ሂሳቡን መልስላቸው ብሎ ረዳቱን ተቆጣ። ሴትዮዋ ክርክሩን አልጠበቁም፤ ዘንቢላቸውን አንሥተው፣ «ሰላም ግቡ» ብለው ወረዱና በአሮጌው መንገድ ወደሚሄደው ቅጥቅጥ አመሩ። ረዳቱ ብራቸውን በመስኮት ሮጦ ሰጣቸው፣ ተመልሶም በሩ ላይ ተንጠለጠለ።

«አንድ ሰው! አዲስ አበባ በፍጥነት መንገድ፣ አንድ ሰው የቀረው!»