ቁጥሩ 17 ይላል፣ 46 ጫጩቶች ግን በሙቀት ሞቱ

ሐምሌ ላይ ነው። ጅማ ውስጥ ያለች አንዲት አነስተኛ የጫጩት ማሳደጊያ የአንድ ቀን ዕድሜ ያላቸው 300 ጫጩቶች ከተረከበች ሦስተኛ ሌሊቷ ነበር። ቤቱ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። መሃል ላይ ክብ አጥር አለ፤ ከአጥሩ በላይ ሦስት ባለ 250 ዋት ኢንፍራሬድ አምፖሎች ተሰቅለዋል፤ በበሩ በኩል ደግሞ ኤስቲሲ 1000 የሚባለው ርካሽ የሙቀት መቆጣጠሪያ ግድግዳ ላይ ተመትቷል። 33 ዲግሪ ላይ ተሞልቷል፤ ሙቀቱ እዚያ ሲደርስ አምፖሎቹን ያጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ያበራል።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ዘበኛው ሊያያቸው ገባ። መቆጣጠሪያው 17 ይላል። ሦስቱም አምፖሎች በርተዋል፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም። በብርድ ሊያልቁ ነው ብሎ ሰጋ። ከሰል አቀጣጥሎ ማንደጃውን አስገባ፣ መስኮቱንም ዘጋ። ሲነጋ 46 ጫጩቶች ሞተው ተገኙ።

ጠዋት የተጠራችው የእንስሳት ባለሙያ ቁጥሩን ከማየቷ በፊት የሞቱት የት እንደወደቁ አየች። ሁሉም በአጥሩ ዙሪያ፣ ከአምፖሎቹ ርቀው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ነው የሞቱት። በሕይወት ያሉትም አፋቸውን ከፍተው እያለከለኩ አጥሩ ላይ ተለጥፈዋል። ብርድ የመታው ጫጩት እንዲህ አይሞትም። ብርድ ሲመታው አምፖሉ ሥር ይሰበሰባል፣ እየጮኸ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል፤ የሚሞተውም ከሥር የተጨፈለቀው ነው። የራሷን ቴርሞሜትር ጫጩቶቹ በቆሙበት ከፍታ አስቀመጠች። 42 ዲግሪ።

«ጋሼ፣ ማታ ከሰሉን ማን ነው ያስገባው?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ቁጥሩ 17 ይላል፤ ምን ላድርግ?»

«ቁጥሩን አምነው ነው፤ እርስዎ ላይ አልፈርድም። ለመሆኑ ይህ ማሽን ሙቀት የሚለካበት ሽቦ ጫፉ የት ነው ያለው?»

ሽቦውን በእጃቸው እየተከተሉ ሄዱ። ጫፉ የተገኘው መስኮቱ አጠገብ ካለ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነው። አመሻሹ ላይ በውሃ ማጠጫው ዙሪያ የረጠበውን ጉዝጓዝ የቀየረችው ሠራተኛ ሽቦው እንዳይቆሽሽ ብላ አንስታ ሰቅላዋለች፤ ስትጨርስ መመለሱን ረሳችው። ለዕቃው ተጠንቅቃ ያደረገችው ነገር ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን መቆጣጠሪያው የጅማን የክረምት ሌሊት አየር ወደ 33 ዲግሪ ለማድረስ ሲታገል አደረ፤ 750 ዋቱ ሁሉ ጫጩቶቹ ላይ ወረደ።

ማሞቂያ በቴርሞስታት፣ ማለትም በእንዲህ ያለ የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ የሚያሠራ ሰው ሁሉ ሊይዘው የሚገባው ነገር ይኼ ነው። ማሽኑ ስለ ጫጩት የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው የሴንሰሩን ጫፍ፣ ሙቀቱን የምትለካው ያች የባቄላ ፍሬ የማታህል ነገር ያለችበትን ቦታ ብቻ ነው። የኤስቲሲ 1000 ሴንሰር ሽቦው ቢበጠስ ማሽኑ ይረዳዋል፤ ይጮኻል፣ የስህተት ምልክት ያሳያል፣ ያጠፋል። ሴንሰሩ ቦታውን ሲለቅ ግን የሚጮኽ ነገር የለም፤ ሁሉም ደህና የሚሠራ ይመስላል። በሌላ አገር እባብ በመስታወት ሳጥን የሚያረቡ ሰዎችም የሚፈሩት ይህንኑ ነው፤ ሴንሰሩ ከማሞቂያው ምንጣፍ ላይ ሲንሸራተት ምንጣፉ ሳይጠፋ ይግላል፣ እባቡም ሆዱ ሥር ይቃጠላል። እንስሳው ይለያያል እንጂ ስህተቱ አንድ ነው።

ስለዚህ የሴንሰሩ ቦታ ከሁሉ በፊት ይስተካከል። ከጉዝጓዙ በላይ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ማለትም በጫጩት ጀርባ ልክ ይሁን። በቀጥታ አምፖሉ ሥር አይቀመጥም፤ ጨረሩ ራሱን ሴንሰሩን ስለሚያግለው ማሽኑ ቶሎ ያጠፋና ሌላው ቦታ ይበርዳል። የብርሃኑ ክብ የሚያልቅበት ጠርዝ ጥሩ ነው። ከውሃ ማጠጫው ይራቅ። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የረጠበ ሴንሰር ውሃው እየተነነ ስለሚያቀዘቅዘው ከእውነተኛው ሙቀት ዝቅ አድርጎ ያነባል፣ አምፖሎቹም ያለ ልክ ይበራሉ። ጫፉን ወለሉ ላይ በቆመ ትንሽ ችካል ማሰር፣ ሽቦውንም በአጥሩ ላይ ሁለት ቦታ መቸንከር ያስፈልጋል። መፍቻ ሳይዝ ሊያነሳው የሚችል ሰው መኖር የለበትም። ጉዝጓዝ የሚቀይር ሰው በዙሪያው ይሥራ።

ቀጥሎ ከመቆጣጠሪያው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ተራ ቴርሞሜትር በአጥሩ በሌላኛው ወገን፣ በዚያው ከፍታ ይቀመጥ። በዚያ ሌሊት አንድ ቢኖር ኖሮ ዘበኛው 17ን እና ከእሱ በጣም የሚበልጠውን የጫጩቶቹን ሙቀት ጎን ለጎን ያይ ነበር፤ ከሰሉንም አያስገባም ነበር። አቅም ያለው ሁለተኛ መቆጣጠሪያ ይግዛ። 36 ዲግሪ ላይ ተሞልቶ፣ የራሱን ሴንሰር ይዞ፣ ከመጀመሪያው ጋር በተከታታይ ይገጠማል፤ መብራቱ በሁለቱም በኩል ካላለፈ አምፖሎቹ አይበሩም። አንደኛው ቢሳሳት ሌላው ይቆርጣል።

ይህ ሁለተኛው ሌላም በሽታ ይከላከላል። የማሽኑ ሪሌይ፣ ማለትም መብራቱን የሚያገናኘውና የሚቆርጠው የውስጥ ማብሪያ፣ 10 አምፔር ይችላል ተብሎ ተጽፎበታል። ሦስት አምፖሎች በ220 ቮልት 3.4 አምፔር ብቻ ይስባሉ፤ ብዙ ትርፍ ያለ ይመስላል። ነገር ግን የቀዘቀዘ የአምፖል ክር በሚበራበት ቅጽበት የሚስበው ከመደበኛው 10 እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ይህ በቀን መቶ ጊዜ ሲደጋገም የሪሌዩ ከንፈሮች ይቃጠሉና ይጣበቃሉ፤ ከተጣበቁ ማሽኑ «አጥፋ» ቢልም አይጠፋም። ለዚህ ነው ልዩነቱን፣ ማለትም አምፖሎቹ ከጠፉ በኋላ ስንት ዲግሪ ሲቀዘቅዝ እንደገና እንደሚበሩ የሚወስነውን፣ በማሽኑ ላይ ኤፍ 2 የሚለውን፣ 0.5 ላይ ከመተው 1 ዲግሪ ማድረግ የሚሻለው፤ ማብራት ማጥፋቱ ይቀንሳል። ከዚያም በላይ ሦስቱንም አምፖል በማሽኑ ሥር ማድረግ ግድ አይደለም። አንዱ ሁልጊዜ ይብራ፣ ማሽኑ ሁለቱን ያዝዝ። ማሽኑ ቢበላሽና ቢያጠፋ ጫጩቶቹ የሚሸሸጉበት አንድ ሙቅ ቦታ ይቀርላቸዋል።

የሙቀቱ መጠን ራሱ ከባድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ሳምንት 33፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ መቀነስ። አምፖሉ ከጉዝጓዙ 45 ሴንቲ ሜትር ይጀምራል፣ በየሳምንቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ጫጩቶቹ ከመድረሳቸው 24 ሰዓት በፊት ሁሉም ነገር በርቶ ይደር፤ ጉዝጓዙና ሥሩ ያለው ሲሚንቶ ራሱ መሞቅ አለበት። ከአዲስ አበባ ወዲህ ያለው መንገድ ብቻ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያን ያህል ተጉዞ የመጣ ጫጩት ቀዝቃዛ ወለል ላይ ሲወርድ እግሩ ይበርዳል፣ መብላትም ይተዋል።

በዚያው ጠዋት ጣሪያው ሲታይ ሌላ ነገር ተገኘ። ከሦስቱ አምፖሎች አንዱ የተሰቀለው በሲባጎ ነው። ሲባጎ ይደርቃል፣ ይበጠሳል፣ ይቃጠላልም፤ 250 ዋት አምፖል ደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ሲወድቅ እሳት እስኪነሳ ጊዜ አይፈጅም። አምፖል በራሱ የኤሌክትሪክ ሽቦም አይሰቀልም። ሰንሰለት ይደረግለት፤ በተጨማሪ ሌላ ሽቦ ለብቻው ከጣሪያው አጠና ጋር ይታሰር፣ አንዱ ቢለቅ ሌላው እንዲይዝ። የአምፖሉ መያዣ ፕላስቲክ ሳይሆን ሸክላ ይሁን፤ ፕላስቲኩ በሙቀቱ ይቀልጣል። በጅማ ክረምት ደግሞ ቆርቆሮው ሌሊት ያልበዋል፤ የጋለ አምፖል ላይ አንዲት የቀዝቃዛ ውሃ ጠብታ ስትወድቅ ስስ መስታወቱ ይፈነዳል። ከላይ የቆርቆሮ ቆብ ያስፈልገዋል። ሶኬቱ ከአጥሩ ውጪ፣ ከፍ ብሎ ይመታ፤ ሽቦው ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደታች ጎበጥ ይበል፣ ውሃው እዚያ ላይ እንዲንጠባጠብ። በናስትሮ የተጠቀለለ መጋጠሚያና የተጠመጠመ ማራዘሚያ ገመድ ሁለቱም ይግላሉ፤ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ፣ ያልተቀጠለ ሽቦ ይዘርጋ።

ለጉዝጓዝ በከተማው የእንጨት ሥራ ቤቶች ከመላጊያ የሚወጣው ፍቅፋቂ ከደቃቁ ሰጋቱራ ይሻላል፤ ደቃቁን ጫጩቶች እህል መስሏቸው ይበሉታል። ከእርጥብ ክምር የመጣ የቡና ገለባ ግን አይግባ፤ ሻጋታው ሳንባቸውን ይይዛል።

አሁን ወደ ከሰሉ። መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ማንደጃ ነው፤ በዝግ ቤት ውስጥ ግን ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ዘበኛው ራሱ እስኪነጋ ራሱን ሲያመው ነበር፤ ውስጥ ተጨማሪ ጊዜ ቢቆይ ኖሮ ምን እንደሚደርስ ማሰብ ያስፈራል። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ውሃ ይሙቅበት፤ ውሃው ወደ ቤት ይግባ። 20 ሊትር ጀሪካን በ80 ዲግሪ ውሃ ተሞልቶ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ አጥሩ ውስጥ ሲቀመጥ ወደ 40 ዲግሪ እስኪወርድ የሚሰጠው ሙቀት አንድ ባለ 250 ዋት አምፖል ሦስት ሰዓት ተኩል ቢበራ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። አጥሩን ማጥበብና ከላይ በከፊል በጆንያ መሸፈን ደግሞ ያንን ሙቀት ያቆየዋል። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ሰፈር ያለ ሰው የድርቆሽ ሳጥኑን ይሞክር። እዚሁ በጅማ እርሻ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ሲፈተሽ የነበረ ዘዴ ነው፤ ድርቆሹ የጫጩቶቹን የራሳቸውን የሰውነት ሙቀት ይይዛል፣ መብራትም ከሰልም አይፈልግም።

መብራት ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። በ180 ቮልት ባለ 250 ዋቱ አምፖል የሚሰጠው ወደ 180 ዋት ገደማ ነው፤ ሲበራ አይቶ «ሙቀቱም ተመለሰ» ማለት አይቻልም።

የተረፉት 254 ጫጩቶች መስኮቱ ተከፍቶ፣ አምፖሎቹ ከፍ ተደርገው፣ ለብ ያለ ውሃ ከቪታሚን ዱቄት ጋር ቀረበላቸው። ቀዝቃዛ ውሃ አልተሰጣቸውም፤ በአንድ ጊዜ ጠግበው ይበርዳቸዋል። ዳከም ያሉት ምንቃራቸው በእጅ እየተያዘ ውሃው ውስጥ ተነከረ። ኩሱ ቂጡ ላይ የደረቀበት ጫጩት በለብ ያለ ውሃ ይታጠብ፤ ካልታጠበ ይደፈንና ይሞታል።

ዘበኛው ከዚያ ወዲህ ሌሊት 6 እና 9 ሰዓት ላይ ሲገባ መጀመሪያ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል። ከዚያ በባትሪ ጫጩቶቹ የት እንደተኙ አይቶ ደብተር ላይ ይጽፋል፦ «ተበታትነው ተኝተዋል»፣ «ሥር ተሰብስበዋል»፣ «ዳር ሸሽተዋል»፣ «በአንድ ወገን ናቸው፣ ነፋስ ይገባል»። የሁለቱን ቴርሞሜትሮች ቁጥር የሚጽፈው ቀጥሎ ነው። ቁጥሮቹ ከ2 ዲግሪ በላይ ከተለያዩ ባለሙያዋን በሌሊትም ቢሆን ይደውልላታል። መስኮቱ አጠገብ የነበረው ሚስማር ተነቅሏል።