የድሮ ደብዳቤ ሲነካ

የቆየ ደብዳቤን ከእሳትና ከጎርፍ እኩል የሚያሰጋው ሊረዳው የሚሞክር እጅ ይመስለኛል። እጥፋቱን በኃይል የሚያቃና፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ የሚጠርግ፣ የተቀደደውን በፕላስተር የሚያጣብቅ፣ ክምሩን በትኖ በስም በስም የሚደረድር ሰው ክፋት የለበትም። ግን ሦስት መቶ ዓመት የቆየ ማስረጃ በአንድ ቀን ሊያጠፋ ይችላል።

ሰሞኑን በሐሳቤ የሚመላለሰው የስኮትላንድ ወረቀት ነው። ባላባቱ፣ ነጋዴው፣ ቄሱ፣ የኤድንብራው ጠበቃ ደብዳቤ ማስቀመጥ ልማዳቸው ነበር። ከፊሉ ዛሬ በስኮትላንድ ብሔራዊ መዛግብትና በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ይገኛል። ከፊሉ ግን አሁንም በየቤተሰቡ እጅ ነው፤ ይህን በግል የተያዘውን ሰነድ የሚከታተል ብሔራዊ መዝገብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1946 ጀምሮ አለ። መዝገቡ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት እኛ የምናውቀውን ጀምስ ብሩስን ማየት ይበቃል። ጎንደር የተቀመጠው ይህ ስኮትላንዳዊ ይዟቸው የሄደው የግዕዝ ብራናዎች አብዛኞቹ ኦክስፎርድ ገቡ፤ ከወረቀቶቹና ከሥዕሎቹ ብዙው ደግሞ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ነው። የትኛው ወረቀት ከየትኛው ቤት፣ ከየትኛው ሣጥን እንደወጣ ካልተጻፈ የተበታተነውን መልሶ ማገናኘት አይቻልም።

ስለዚህ አንድ ሻንጣ ደብዳቤ ከሰገነት ሲወርድ የመጀመሪያው ሥራ ማንበብ አይደለም። ከሌላው ስብስብ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ብልና ሻጋታ ይፈተሻል። ነፍሳት ካሉበት በፕላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ሦስት ቀን፣ ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው ብልን ይገድላል እንጂ ሻጋታን አያጠፋም፤ ሻጋታ የሚቆመው ወረቀቱ ሲደርቅና አየሩ ደረቅ ሆኖ ሲቆይ ነው። ከዚያ የዛገ መርፌ፣ ክሊፕና የደረቀ ላስቲክ በጥንቃቄ ይወጣል። በክር የታሰረ ጥቅል ግን ከመፈታቱ በፊት ፎቶ ይነሣል፤ ቅደም ተከተሉም በለስላሳ እርሳስ በገጹ ጥግ ላይ ይቆጠራል። ባለቤቱ አንድ ላይ ያሰረውን መለያየት እሱ የተናገረውን መሰረዝ ነው።

ፖስታ ውስጥ ከትቶ መላክ የተለመደው በ1840 የብሪታንያው የአንድ ፔኒ ወጥ የመላኪያ ዋጋ ከመጣ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ክፍያው በርቀትና በወረቀት ብዛት ስለነበር መሸፈኛ መጨመር ዋጋውን እጥፍ ያደርገዋል። ደብዳቤው ራሱ ታጥፎ፣ በሰም ታሽጎ፣ አድራሻው በጀርባው ይጻፋል። በስኮትላንድ ደግሞ ከ1813 እስከ 1839 ከሁለት በላይ ጎማ ባለው የፖስታ ሠረገላ ለሄደ ደብዳቤ ግማሽ ፔኒ ይጨመር ነበር፤ «½» የሚለው ምልክት ቀን ያልተጻፈበትን ደብዳቤ ዘመኑን ያጠብበዋል። «ባዶ ገጽ» ተብሎ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ ይኸው አድራሻና ምልክት ያለበት ገጽ መሆኑ ያንገበግበኛል። የሰም ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ከክብደት በታች አድርጎ መጫንም ሰሙን ይሰነጥቀዋል፤ በማኅተሙ ልክ የተቦረቦረ ካርቶን ይሠራለታል።

ከዚህ ሁሉ የሚልቀው የስኮትላንዷ ንግሥት የሜሪ የመጨረሻ ደብዳቤ ነው። በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1587፣ ልትሰየፍ ጥቂት ሰዓት ሲቀራት፣ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሦስተኛው ሄንሪ ጻፈችው፤ አሁን ኤድንብራ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ይገኛል። የተቆለፈው ከራሱ ወረቀት ጠርዝ በተቆረጠ ቀጭን ሰቅ ነው። ሰቁ በታጠፈው ደብዳቤ ስንጥቅ ደጋግሞ እየገባ እየወጣ ይጠመጠምበታል፤ ሳይቀደድ አይከፈትም። አጥኚዎች አሠራሩን የደረሱበት ከስንጥቆቹና ከእጥፋቱ መስመር ነው። ትጉህ ጠጋኝ እነዚያን ስንጥቆች እንደ ተራ ቀዳዳ ቢደፍናቸው ይህ እውቀት አይኖረንም ነበር።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ቀለሙ ነው። የእኛ የብራና ጥቁር ቀለም በአብዛኛው ከጥላሸት ስለሚሠራ የተጻፈበትን አይበላም። የስኮትላንዱ ጸሐፊ ብዕሩን የሚያጠቅሰው ግን ትንሽ ተርብ እንቁላሏን ስትጥልበት በኦክ ዛፍ ላይ ከሚያብጠው እንክብል፣ ከብረት ሰልፌት፣ ከግራር ሙጫና ከውኃ በተቀመመ ቀለም ነው። ሲጻፍ ፈዘዝ ይላል፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ዘመን ሲቆጠር ቡናማ ይሆናል። አሲዱ የወረቀቱን ቃጫ ይቆራርጣል፤ ከእንክብሉ ከሚወጣው ታኒን ጋር ያልተዋሐደው ትርፍ ብረት ደግሞ ከኦክስጅን ጋር ሆኖ ጉዳቱን ያፋጥናል። ወፍራም መስመር ያለበትን ቦታ ገልብጦ ማየት ነው፦ ቀለሙ ወደ ጀርባ ዘልቆ ከሆነ፣ ዙሪያው ቡናማ ጥላ ካለው፣ ጥርት ያለ ስንጥቅ ከታየ፣ ወረቀቱ መታጠፍ የለበትም። ይህ ሳይታወቅ በተገላበጠ ቁጥር ከፊደሉ መሐል ቁራጭ ይረግፋል።

መመርመሪያው ባቶፌናንትሮሊን በሚባል፣ ብረት ሲያገኝ ሮዝ በሚሆን ኬሚካል የተነከረ ትንሽ ወረቀት ነው። በተጣራ ውኃ ጠብታ ይረጥባል፣ በመምጠጫ ወረቀት ይመጠጣል፣ ቀለሙ ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ ይነሣል። ደማቅ ሮዝ ከሆነ ንቁ ብረት አለ። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ውኃ ሲነካው ብረቱ ሟሙቶ ወደ ንጹሑ ወረቀት ስለሚሄድ ጉዳቱ ይሰፋል። ብረቱን አስሮ በሚይዘው በካልሲየም ፊቴት፣ ቀጥሎም አሲዱን በሚያበርደው በካልሲየም ባይካርቦኔት የሚደረገው እጥበት መድኃኒቱ ነው፤ ሆኖም የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ የሚሠራው፣ ሰም ላለበትም የማይሆን ነው። ለትንሽ ስንጥቅ ጀላቲን ተቀብቶ የደረቀ የጃፓን ስስ ወረቀት ይበቃል፤ በእርጥብ መምጠጫ ላይ ለቅጽበት አስነክቶ ይለጠፋል። የስንዴ ስታርች ሙጫ ለሌላው ወረቀት ግሩም ነው፤ እዚህ ግን ውኃው ይበዛል።

ከዚህም የባሰ ውኃ የሚፈራ የደብዳቤ ቅጂ አለ። የግሪኖኩ ተወላጅ ጄምስ ዋት በ1780 የደብዳቤ መቅጃ መጭመቂያ ፓተንት አወጣ፤ አዲስ የተጻፈው ደብዳቤ በረጠበ ስስ ወረቀት ላይ ተጭኖ ቅጂው ይቀራል። ጽሑፉ ተገልብጦ ስለሚያርፍ የሚነበበው በወረቀቱ ጀርባ በኩል ነው። ከቅጂው ሥር ነጭ ወረቀት ይገባል እንጂ ብርሃን አይደገንበትም።

ማስቀመጫው ከአሲድ የጸዳ ፎልደርና ሣጥን ነው፤ ሙቀቱ ከ13 እስከ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ከ35 እስከ 60 በመቶ። ከ65 በላይ ሻጋታ ይነሣል። ግማሽ ባዶ ሣጥን ወረቀቱን ያጎብጠዋል፤ የተጠቀጠቀውም ሲወጣ ጠርዙን ይቀደዋል።

ምዝገባው የራሱ ወጥመድ አለው። ስኮትላንድ አዲስ ዓመትን ከማርች 25 ወደ ጃንዋሪ 1 ያዞረችው በ1600 ሲሆን እንግሊዝ ግን እስከ 1752 ቆይታለች። ከኤድንብራና ከለንደን «ፌብሩዋሪ 1690» ተብለው የተጻፉ ሁለት ደብዳቤዎች በአንድ ዓመት ሊራራቁ ይችላሉ፤ ሁለት አቆጣጠር ይዞ ላደገ አበሻ ይህ አይከብድም። ያገባች ሴት በሕግ ሰነድ ላይ በትውልድ ስሟ መቀጠሏም እንደ እኛው ነው፤ ስለዚህ ባልና ሚስት በካታሎጉ እንደ ባዕድ እንዳይለያዩ ማያያዝ ያሻል። ባለ ርስት በርስቱ ስም ይጠራል፤ ብሩስም «የኪነርዱ» ነበር። መስፍኑ የሚፈርመው በማዕረጉ ብቻ ስለሆነ አባትና ልጅ አንድ ፊርማ ይኖራቸዋል። እነሱን የሚለያቸው ቀኑ ነው፤ ቀን ከሌለ ደግሞ የተቀባዩ ጸሐፊ ደብዳቤውን አጥፎ ሲያስቀምጥ በጀርባው የጻፈው የላኪ ስምና ጊዜ። ከዚያ የተገኘው ዓመት በካታሎጉ በማዕዘን ቅንፍ ይገባል፤ ደብዳቤው ላይ አይጻፍም።